ድፍኑ ቱርቦና የጋሼ ፉጨት ዳገት

እስቲ አንዴ ዝም በሉ! ጎሚስታው፣ ያንን ወንበር አትጎትተው፣ ጆሮአችንን በላኸው እኮ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ይሄን ነገር ሁለተኛ የመድገም አቅም የለኝም።

ንግግሩን አንቺ አድርጊ ያሉኝ ዕቃ ግምጃ ቤት ስለምሠራ ነው። «በመስኮትሽ ያላለፈ ሰው የለም፣ የሁሉንም ጉድ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አውቃለሁ። ምነው ባላወቅሁ የምልበት ጊዜ ይበዛል እንጂ አውቃለሁ። ደግሞ ደስ ደስ የሚለውን ብቻ ተናገሪ ብለውኛል። ከዚህ ግቢ ደስ የሚል ነገር ብቻ ልልቀም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ፤ ብርጭቋችሁ እስኪጎድል እንኳን የሚያቆይ አላገኘሁም። ያገኘሁትን አስቀድሜ እሰጣችኋለሁ፤ የቀረውን ደግሞ እንደምትችሉ ቻሉት።

ጋሼ ፉጨት፣ ዛሬ እንኳን አንቱ በይው ብለው መክረውኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን አንተ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንቱ ብልህ የማላውቀውን ሰው የምሸኝ ይመስለኛል። እንደለመድነው ይሁን።

መጀመሪያ የመጣበትን ቀን የማታውቁ ትኖራላችሁ። እኔ ነበርኩ። ጠዋት ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ፣ በእጁ ትንሽ ጥቁር ቦርሳ። በዚያው ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ሁላችንም ስንርበተበት ከርመናል። ጥበቃው ይሄን ሸሚዝ ሲያይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠና «መጣ!» እያለ ወደ ቢሮ ሮጠ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ክራባቱን እያጠበቀ ወጥቶ ጋሼን በክብር ያስጎበኝ ጀመር። የተሰባበሩት መኪኖች በጓሮ እንዲደበቁ ትእዛዝ ተላለፈ። እኔ መስኮት ሲደርሱ መደርደሪያዬን በቀሚሴ ጫፍ እየወለወልኩ «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አልኩ፤ ጎንበስ ብዬ! ጋሼ ሁሉንም በትዕግሥት አየ። ሻይ ቀረበለት፣ ጠጣ። ሁለተኛ ቀረበለት፣ ጠጣ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠርጎ «እንግዲህ አስተያየት ካለዎት» ቢለው፣ ጋሼ ምን አለ መሰላችሁ? «ሁሉም ጥሩ ነው። ቱታዬን ግን ከየት ነው የምቀበለው?»

ሳቁ፣ ሳቁ። ያን ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ለወራት ፊቱን አጠቆረበት። ጋሼ ምን አጠፋ? አዲስ የተቀጠረ መካኒክ ነው፣ ማን ነህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ያየነው ገና ዛሬ ነው። እትዬ፣ የባልዎን ሸሚዝ እርስዎ ነዎት የተኮሱት? እጅዎ ይባረክ። ክንዱን ግን ይዩልኝ፣ ከአሁኑ ቅባት ነክቶታል። ወደዚህ ሲመጣ በግቢው ሲያልፍ የአንዱን መኪና ሞተር ሳይነካካ አልቀረም። ነካክተሃል ወይስ አልነካካህም? ይኸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ፉጨት የሚለው ስም እንዴት እንደወጣለት ልንገራችሁ። መኪና በበሩ ሲገባ ጋሼ ሰላምታ አይመልስም። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ የሰማውን የቱርቦ ድምፅ በከንፈሩ መልሶ ያፏጨዋል። ፉጨቱ ንጹሕ ከሆነ ሹፌሩን «እለፍ» ይለዋል፤ ጫፉ ላይ ከተሰነጠቀ «ወደኔ ና» ይለዋል። ሹፌሩ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» ቢለው «ያንተ ይቆየን፣ እሷ ደህና አላደረችም» ነው መልሱ። አንድ ቀን ብየዳ የሚሠራው፣ «ብየዳው» የምንለው፣ ከቆመ መኪና ጀርባ ተደብቆ እንደ ቱርቦ አፏጨበት። ጋሼ ቁልፉን እንደያዘ ተንደርድሮ መጣ፤ ዞረና ብየዳውን ሲያገኘው አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አገጩን ይዞ አፉን ከፈተውና አየ። «የዚህኛው አንድ ክንፍ ጎድሏል፣ ይፈታ» አለ። ብየዳው፣ ሳቅ እስቲ፣ የወለቀችውን የፊት ጥርስህን ቦታ እንየው።

ስኳሩስ? በዚህ ክበብ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣችሁ ሁሉ ጠላታችሁን እወቁት። ጋሼ እጁን የሚታጠበው በሳሙናና በስኳር ነው፤ ካልሆነ ቅባቱ አይለቅም ባይ ነው። የክበቡ እመቤት ብትደብቅ ብትደብቅ አልሆን ሲላት ስኳሩን እኔ ጋ አምጥታ አስቆለፈችብኝ። በነጋታው ጋሼ መስኮቴ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ነጭ ቅባት ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። ሰጠሁት፣ ምን ላድርግ።

አሁን የቤተሰብ ሰዎችም አላችሁና ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ ካላልኩ የኋላው አይገባችሁም። ቱርቦ ማለት ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ መልሶ ለሞተሩ አየር የሚግተው ዕቃ ነው። አየር ካልተጋተ ከባድ መኪና ዳገት አይወጣም። እዚህ ግቢ ሁለት ዓይነት አለን። አንዱን ባለበር እንለዋለን። ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ገና ነዳጅ መርገጥ ስትጀምር ይጎትትልሃል። ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ሞተሩን እንዳይጎዳ በጎኑ ያለች ትንሽ በር ትከፈትና ትርፉ ጭስ በዚያ ይወጣል። ሌላው ድፍን ነው። በር የለውም። የሚከፈት የለው፣ የሚዘጋ የለው፣ የሚጣበቅም የለው። ተለቅ ስለሚል በራሱ ጊዜ ከልክ አያልፍም፤ ግን ለመነሳት ዳተኛ ነው። ሞተሩ ዙር እስኪያገኝ ድረስ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያስለምንሃል።

እንግዲህ ለየትኛው መኪና የትኛው ይግባ የሚለው ጭቅጭቅ የጋሼና የኔ ትዳር ነበር። ይቅርታ እትዬ፣ ሌላ ቃል ስለጠፋኝ ነው።

«ድፍኑን ስጪኝ» ይለኛል።

«ለዚህች? ዳገት ላይ ተኝታ ትቀርብሃለች። ባለበሩን ውሰድ» እለዋለሁ።

«በር ያለው ነገር ሰው ይነካካዋል።»

«በር የሌለውስ ቤት ምን ይባላል?»

«መቃብር። እዚያ ማንም አይነካካሽም።»

እንዲህ ነው የሚመልስልኝ! ሁለቱን ቱርቦ ጎን ለጎን መስኮቴ ላይ እንዘረጋቸዋለን፤ ሹፌሮቹ ከሁለት ተከፍለው ሻያቸውን ይዘው ይፈርዳሉ። ለረጅሙ ሜዳ መንገድ ድፍኑ፣ ለዳገቱ ባለበሩ። ተነታርከን ተነታርከን ብዙውን ጊዜ የምንደርሰው እዚያው ነበር። ግን ካልተነታረክን አይሆንም። አንድ ቀን ገና ሲጠይቀኝ «እሺ» ብዬ ብሰጠው «አመመሽ እንዴ?» ብሎ ዕቃውን ትቶልኝ ሄደ።

ደግሞ የጋሼ ሕግ አለ። ቱርቦ የገጠመ ሰው የመጀመሪያውን ዳገት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ይወጣል። «ያልወጣህበትን ገና አልገጠምከውም» ይላል። ሕጉ ለቱርቦ ብቻ መሆኑን ረስቶ ኤሌትሪሺያኑን ባትሪ ስለቀየረ ብቻ ካቢና ውስጥ አስገብቶት፣ ልጁ ከሁለተኛው ጥምዝ ጀምሮ አንጀቱ እስኪወጣ አስመልሶታል። ኤሌትሪሺያኑ፣ ዛሬም ዳገት ሲባል ፊትህ ይገረጣል።

በቃ። የሳቅ ድርሻችሁ ይሄው ነው።

ባሌን ታውቁታላችሁ። አዲስ የገባችሁም ስሙን ሰምታችኋል፤ «ሽቦው» ነው የሚባለው። ስሙን በሥራው ነው ያገኘው፤ እሱም አይክደውም። የባለበሩን ቱርቦ የበሯን ክንድ በሽቦ ጥፍንግ አድርጎ በማሰር በዚህ ግቢ የመጀመሪያው ሰው ባሌ ነው። በሯ ካልተከፈተች ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ መኪናው ዳገቱን እየጮኸ ይወጣል። ከዚያ ሁሉም ሹፌር ኪሱ ውስጥ ሽቦና ፒንሳ ይዞ መዞር ጀመረ። ከግቢ ሲወጡ ያስራሉ፣ ሲመለሱ ከበሩ ውጭ ቆመው ይፈታሉ። ጋሼ ግን ከሩቅ ሰምቶ «ይሄ ፉጨት አንገቱ ታንቆ ነው የመጣው» ይላቸው ነበር።

ለምን አሰሩ? ለጉራ አይደለም። ጭነቱ ነው። የዳገቱ መኪኖች ከልካቸው በላይ እንደሚጫኑ የማያውቅ ሰው በዚህ ክፍል ካለ እጁን ያውጣ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎም አላወጡም። እግዜር ይስጥልኝ።

የሚወስድ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ «ትንሽ ናት፣ ምን ትላለህ» ተባለ። ከዚያ «ለዛሬ ብቻ» ተባለ። ከዚያ ማንም ምንም ማለት ተወና ያ ትርፍ ጭነት ልክ ሆኖ ቀረ። ሹፌሩ ቢወጣም በሱ፣ ባይወጣም በሱ ነው፤ ስለዚህ ሽቦውን አሰረ። በሯ የታሰረች ቱርቦ ደግሞ ሞተር ትበላለች። የዳገቱ መኪኖች በየተራ ቴስታታቸው፣ የሞተሩ ራስ ማለት ነው፣ እየተቃጠለ፣ በሰንሰለት እየተጎተቱ ጋሼ እግር ሥር ተደረደሩ። አንዱን አንስቶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል።

አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ መጣ። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

«ለዳገቱ መኪኖች በሙሉ ድፍኑን» አለኝ።

«ጋሼ፣ ከሥር አይነሳም። አንተው ነህ ያስተማርከኝ።»

«ዘግይቶም ቢሆን ይነሳል። ሽቦ የሚያስሩበት ግን አያገኙም።»

«እንዲያውም...»

«ስሚ፣ እህቴ። አንድ ቀን ያ ሞተር ዳገት መሃል ባልሽ እጅ ላይ ይፈነዳል። እኔ ያንን አላይም።»

ይሄን ልብ በሉልኝ። ለባሌ ብሎ ነው። ለሞተሩ ብቻ ብሎ አይደለም፣ ለባሌ ብሎ ነው ድፍኑን የመረጠው። እኔም መከራከሬን ተውኩ፤ ምክንያቱም ባሌን ከዚያ ሽቦ የሚያስጥልልኝ ሌላ ሰው አላየሁም ነበር።

ሙከራ ይደረግ ተባለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ፤ የዚህ ጊዜዎቹ እውነተኞቹ ናቸው። ትልልቅ ሰዎች ስለሚያዩ የባሌ መኪና በልኩ ተጫነ። ሚዛን ላይ ወጣ፤ ልክ በልኩ! ጋሼ በሕጉ መሠረት ከባሌ ጎን ተቀመጠና ዳገቱን ወጡ። ሲመለሱ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ባሌ ከካቢናው ዘሎ ወርዶ «እንደ ሙሽራ ነው የወጣችው፣ ሳትቸኩል» አለኝ። ዘሎ ነው የወረደው። አሁንም ስናገረው እግሩ መሬት ሲነካ ያሰማው ድምፅ ይሰማኛል። ሁላችንም አጨበጨብን። ጋሼ አጨበጨበ፣ ሥራ አስኪያጃችን አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

ይሄ መኪና በልኩ የተጫነው መቼ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ይሄን ያህል ሰው፣ ይሄን ያህል ዘመን በመኪና ሥራ የኖረ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን! በልኩ የተጫነ መኪና በዚህ ግቢ የለም። ያን ቀን ለሌለ መኪና ነበር ቱርቦ የመረጥነው። በማግስቱ መኪናው የዘወትር ጭነቱን ተሸክሞ ወጣ፤ የዚያን ጊዜ የሞከረው የለም።

የሆነውን ታውቃላችሁ። እትዬ ግን ሙሉውን የሰሙ አይመስለኝም፤ ጋሼ ቤቱ ገብቶ እንደማያወራ አውቃለሁ። ዝናብ ነበር። ጥምዙ ላይ ከፊት ያለ አንድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋና ባሌ ቆመ። ፍሬኑ ይዞለት ነበር። መንገዱ ሲከፈት ለመነሳት ፍሬኑን ለቀቀ፣ ነዳጅ ረገጠ። ድፍኑ ከሥር አልተነሳም። ጥቁር ጭስ ተፋና ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። መልሶ ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ታጥፎ ነበር፤ ካቢናውን ጎትቶ ከቋጥኙ ጋር አላተመው። ባሌ ተረፈ። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ከአደጋው በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ምክንያቱ ሲነገር ጭነት የሚል ቃል አልሰማሁም። «የቱርቦ አመራረጥ ስህተት» ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እኛ ደግሞ ዳውላውን ፈርተን አህያውን ደበደብን። የተደበደበው ጋሼ ነው። ስለ ጭነቱ ተናገር፣ ተከራከር እያልኩ በክርኔ ብጎነትለው «የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለና ተቀመጠ። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ተበተንን።

ከዚያ በኋላ መምረጥ ተወ። መስኮቴ ላይ ይመጣል፣ ራሱን ቀና አያደርግም።

«የፈለግሽውን ስጪኝ።»

«ድፍን ይሁን ባለበር?»

«አንቺ የፈለግሽውን።»

ያ ሁሉ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ አለቀ። ሹፌሮቹም ሻያቸውን ይዘው መምጣት አቆሙ። እኔ አሸነፍኩ ማለት ነው? እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ለጠላቴም አይስጠው። ጡረታው ደርሶ ትንሽ ዓመት ጨምር ሲሉትም «ይበቃኛል» አለ። ዛሬ የምንሸኘው ደክሞት አይደለም። በልቡ የሄደው ያኔ ነው፤ እኛ ኬኩን ያዘዝነው ዘግይተን ነው።

ጠዋት ጠዋት ግን አንድ ቀን ሳያጓድል ይጠይቀኛል። «ሰውዬው እንዴት አደረ?» «ደህና አደረ» እላለሁ። «እግሩስ?» ይለኛል። የትኛው እግሩ ልለው አፌ ላይ ደርሶ የዋጥኩት ጊዜ አለ፤ ሰው ነኝ እኮ። ፊቱን አይና «እሱም ደህና ነው» እላለሁ። ቤቴ ድረስ ግን አልመጣም። ነገ እመጣለሁ ይላል፣ አይመጣም። አንድ ጊዜ እሰፈራችን ድረስ መጥቶ ከመታጠፊያው ተመልሷል፤ ጎረቤቴ አይታዋለች።

አንድ ቀን ብየዳው የብረት በርጩማ ይዞልኝ መጣ፤ ገላ መታጠቢያ ላይ የሚቀመጡበት፣ እግሮቹ ላስቲክ የለበሱ፣ እንዳያዳልጥ። «ግምጃ ቤት የተረፈ ነው» አለኝ። ግምጃ ቤቱ የኔ አይደለም እንዴ! ባሌ በርጩማውን ገልብጦ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሳቸው። ጭንቅላታቸው ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ሰውነት እንዳይቧጥጡ። «ይሄ የፉጨት እጅ ነው» አለ። እኔም ምን እንደሚያስብ አልጠየቅሁትም።

አሁን የሚያጽናና ነገር እንድናገር ትጠብቃላችሁ። የለኝም፣ ከየት ላምጣው? ዛሬ ጠዋት ወደ ዳገቱ የወጣውን መኪና በመስኮቴ አየሁት፤ ጎማዎቹ ተንፈራጠው መሬት ሊነክሱ ነው። በጋሼ ቦታ ሰው አይቀጠርም ተብያለሁ። ከእንግዲህ መደርደሪያ ላይ የተገኘው ቱርቦ ይገጠማል፤ ለሜዳ ነው ለዳገት የሚል የለም። ከሹፌር ጎን ተቀምጦ የመጀመሪያውን ዳገት የሚወጣ የለም። አሁን ባሌ አይነዳም፤ የሌላ ሴት ባል ይነዳል። እሷም አንድ ቦታ ተቀምጣ ስልኳን እያየች ነው። እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ። በሽኝት እንዲህ አይባልም፣ ይቅር በሉኝ፤ ግን ሌላ ቀን ማንም አያስወራኝም።

ጋሼ፣ ምስጋናዬ ይሄ ነው። አንተ ከመምጣትህ በፊት ቱርቦ ለኔ ሳጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር ነበር። መካኒኮቹ ቁጥሩን ይጮሁልኛል፣ እኔ አነሳለሁ፣ በቃ። አንተ ቱርቦውን ፈትተህ መስኮቴ ላይ አኖርከው፤ ጣቴን ይዘህ መሽከርከሪያው ላይ አስቀመጥክና «የምትሰጪውን ዕቃ እወቂው» አልከኝ። ተነታረክኸኝ። ሰው የሚነታረከው ከሰው ጋር ነው፤ ከመደርደሪያ ጋር የሚነታረክ የለም። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ።

ሌላም አለ። የአደጋው ቀን ጥሪው ሲመጣ የጎታቹን መኪና አስነስተህ በዚያ ዝናብ ዳገቱን የወጣኸው አንተ ነህ። በክሪክ ካቢናውን ፈልቅቀህ፣ ቀበቶህን ፈትተህ የባሌን ጭን አስረህ ያወጣኸው አንተ ነህ። ሐኪሞቹ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ደሙ ያልቅ ነበር ብለውኛል። ይሄን በዚያ ስብሰባ ላይ ማንም አላነሳውም። አንተም አላነሳኸውም። ባሌ እቤት እየዋለ ይነጫነጭብኛል፤ ምግቡን ጨው አበዛሽ ይለኛል፣ ራዲዮኑን ዝጊው ይለኛል። ይሄ ሁሉ ንጭንጭ ያንተ ነው። አመሰግንሃለሁ፣ ጋሼ። ከአንጀቴ ነው።

ቆይ፣ ገና ነኝ። እትዬ፣ መሐረቡን ያቀብሉት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባሌ መጥቷል። ታች ነው።

ይሄ ክበብ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ደረጃው ብረትና ቀጥ ያለ መሆኑን ታውቃላችሁ። ብየዳውና ጎሚስታው እናዝልህ ብለውት ነበር። «ዳገት በሰው ጀርባ አልወጣም» አላቸው። ከሥራ ቦታችን ጣሪያ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ከቤት ስንወጣ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ፉጨትን ወደኔ ላኪው።» ምን ልትለው ነው አልኩት፣ አልመለሰልኝም። ስለዚህ ጋሼ፣ ምን እንደሚልህ አላውቅም። ልሸነግልህ አልፈልግም። ይቅር ብሎህ ይሆናል፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመውን ሊጮህብህም ይሆናል። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ እንዳልልህ፣ ይቅር የምልህ ጥፋት ፈልጌ አጥቻለሁ። የሱን ግን የሚያውቀው እሱ ነው። ሳታየው ከዚህ ግቢ ከወጣህ ቤትህ ገብተህ እንደማትቀመጥ ግን አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀኝ መስኮትም አይኖርህም።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሁላችሁም። ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎም።

ለጋሼ ፉጨት። ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። ጠዋት ቀስቃሽ ሳይኖርህ እስክትጠግብ ተኛ። የልጅ ልጆችህ አንገትህ ላይ ይንጠልጠሉ። ከእትዬ ጋር እያወራችሁ አርጁ፤ ወሬ ባታውቅም ተለማመድ። እጅህ አይዛል፣ ጆሮህ አይድከም።

ቆይ ጋሼ፣ አንተ ገና አትጠጣ። ያንተ ብርጭቆ ይሄ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የሱ ነው። ሁለቱንም ያዝ። ትንሽ ቢፈስም ምንም አይደለም። ደረጃው በዛሬው ዝናብ ያዳልጣል፣ ቀስ ብለህ ውረድ። እናንተ መንገድ ልቀቁለት። ስትጠጡ በመስኮቱ እናያችኋለን፤ እኛም የዚያን ጊዜ እንጠጣለን። ካልጠጣችሁም እናያለን።

እትዬ፣ ይልቀቁት፣ ብቻውን ይውረድ። እናንተም ብርጭቋችሁን አታውርዱ። ክንዳችሁ ቢዝልም እንዳታወርዱ።